አንተን ብሎ ጿሚ

ለውሻ ስም አላወጣም። የቤቴ ሕግ ነው። ስም ያወጡለት ነገር ይቀራል፤ እኔ ቤት የሚመጣ ውሻ ደግሞ የሚመጣው ሊሄድ ነው።

የወንድሜ ልጅ ትሕትና የእንስሳት ሐኪም ናት። እዚህ ደባርቅ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ያቋቋመችው ትንሽ ማኅበር አላት። ከተራራው ግርጌ ባለቤት አጥቶ የሚንከራተተውን ውሻ ይይዛሉ፤ በሽታ ይዞ ወጥቶ ቀይ ቀበሮውን እንዳይፈጅ ይከትቡታል፣ የቆሰለውን ያክማሉ፣ በኋላም ለሚያሳድረው ሰው ይሰጡታል። በመካከሉ ግን እስኪድንና ሰው እስኪለምድ የሚቆይበት ቤት ያስፈልጋል። ትሕትና ይህን ጊዜያዊ ማደጎ ትለዋለች፤ እኔ ማቆየት እለዋለሁ። ግቢ አለኝ፣ ልጅ የለኝም፣ ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ሥራዬ ቱሪስት ተከትዬ ተራራ ላይ ምግብ ማብሰል ነበር፤ ቱሪስቱ ሲጠፋ ድስቱም እኔም ቤት ተቀመጥን። እና ስትለምነኝ እሺ አልኋት። ግን በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አላስገባም፣ አንዱም እኔ ዘንድ አይቀርም አልሁ። አንዱ ከቀረማ ቦታው ተያዘ፤ ሜዳ ላይ ያለው የት ይግባ?

ከዚህ በፊት ያቆየኋቸው ሴቶች ነበሩ። ስም ስለማላወጣ «አንቺ» እያልሁ እጠራቸዋለሁ፤ አንቺ እንደተባሉ ድነው ሄዱ፣ ማንም ምንም አላለም። ዘንድሮ ግን ወንድ መጣ።

ቡላ ነው፣ ከሲታ። አንድ ጆሮው ተቀዷል፤ የኋላ እግሩን ሽቦ ይዞት ስለነበር ቆስሎ ያነክሳል። ገና እንደመጣ ከእንጨት ክምሩ ሥር ገብቶ ተኛ። አይጮኽም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ይሄ ግን አይበላም፣ ለዚያ ይሆናል የማይጮኸው። ስጠራው ጆሮውን ያቆምና ባለበት ይቀራል፤ የሚመጣው ሁለተኛ ስጠራው ነው። ሁልጊዜ እንዲሁ። መጀመሪያውንም መስማቱን በደንብ አውቃለሁ። ግትር ነው አልሁና ተውሁት።

የእሱ ጣጣ ዱላ ነው። ማን እንደመታው፣ የት እንደመታው አናውቅም፤ ብቻ ዱላ የያዘ ሰው ካየ ያ ድምፅ የሌለው ውሻ ሌላ ይሆናል። መጥረጊያ ቀና አድርጌ ስይዝ እንኳ ጥርሱን ያወጣል። መጀመሪያ ዳባት ላለ ባለ ወፍጮ ተሰጥቶ እንግዳውን ነክሶ ተመለሰ። ቀጥሎ እዚሁ ለአንዲት ባለ ምግብ ቤት ተሰጠ፤ አባቷን ነከሰባትና በማግስቱ ጎትታ አመጣችው። በዚህ አገር ዱላ ሳይዝ የሚሄድ ወንድ ወዴት ይገኛል? ዱላ የማይወድ ውሻ እዚህ መኖር አይችልም።

ትሕትና ሁሉን ቁርጥ አድርጋ ነገረችኝ። ያርጋል የሚባል የድብ ባሕር ገበሬ ዝንጀሮ ማሽላውን እየፈጀበት ውሻ ይፈልጋል፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ መጥቶ ያየዋል። ከለመደው ይወስደዋል። እሱንም ከነከሰ ግን ሌላ የሚሰጥበት ቤት የለም፤ የሚቀረው መርፌ ብቻ ነው። መርፌውን የምትወጋው ራሷ ናት። ይህን ስትነግረኝ የውሻውን እግር ታሽ ነበር፣ ቀናም አላለችም። እኔም ጾሙ እስኪፈታ አለምደዋለሁ አልኋት፤ እንዴት እንደማለምደው ግን አላውቅም ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። ሥጋ ቤቱ ሁሉ ተዘጋ። ትሕትና ከሙስሊም ሥጋ ቤት አጥንት ታመጣለች፤ እኔ በጾም የአጥንት ድስት ቤቴ ስለማላስገባ ደጅ በሦስት ጉልቻ እቀቅለዋለሁ። ይህን ሁሉ ለፍቼ ሳቀርብለት ደግሞ አሽትቶ ይተወዋል። እኔ እንግዲህ ድምፄ ትልቅ ነው። ተራራ ላይ ከድንኳን ድንኳን እየተጣራ የኖረ ጉሮሮ ዝቅ በል ቢሉት አይሰማም። ከዚያ ላይ ቁጡ ነኝ፤ ባሌ ነፍሱን ይማረውና አንቺ ስትናገሪ ተራራው ይመልሳል ይለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሳህኑን ይዤ እወጣና እጀምራለሁ። አንተ! ና ብላ! አንተን እኮ ነው፣ ጆሮ የለህም? ያንን ሰባራ እግርህን ይዘህ ወዴት ልትሄድ ነው? ይኸው ደግሞ አጥር ሥር መቆፈር ጀመርህ፤ መቃብርህን ነው የምትቆፍረው? ዛሬም ሳትበላ ልትውል ነው? ምነው፣ ጾም ያዝህ እንዴ? አንተን ብሎ ጿሚ!

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። በእኔ አጥር የገባው ነገር ግን ከጅብ የባሰ ነው።

ከአጥሩ ማዶ ያለው ቤት ባዶ ነበር። ለጾሙ መግቢያ ግድም መምሬ ኪዳነ ማርያም የሚባሉ አረጋዊ ካህን ገቡበት። ከጃናሞራ ነው የመጡት፤ ቤቱ ጎንደር የምትኖረው የልጃቸው ነው፣ ብቻቸውን ናቸው። የመጡ ዕለት ሄጄ መስቀል ተሳልሜ፣ ውኃ ቀድቼ ሰጥቻቸው ተመለስሁ። አጥራችን ቆርቆሮ ነው፤ ዐይን አያሳልፍም፣ ጆሮ ግን ያሳልፋል። እሳቸው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቆርቆሮውን ተደግፈው ዳዊት ይደግማሉ። ሲጨርሱ ጌሾ የተከሉባትን መደብ ይኮተኩታሉ። አንድ እግራቸውን ያማቸዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ዝቅ ብዬ ይባርኩኝ መምሬ አልሁ። መስቀሉን ከነጠላቸው ሳያወጡ «እግዚአብሔር ይባርክዎ፣ ወይዘሮ ሸጊቱ» ብለውኝ አለፉ። እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። መስቀል ተከለከልሁ! በዚያ ላይ እርስዎ ተባልሁ። ካህን አንቺ ሲልሽ ልጄ ማለቱ ነው፤ እርስዎ ካለሽ ግን በሩን ዘግቶብሻል። እርስዎ መባሉን መቼም ለምጄዋለሁ። ባሌ ከሞተ፣ እኩዮቼም ከተበተኑ ወዲህ አንቺ የሚለኝ ሰው የለም፤ ትሕትና እንኳ እትዬ፣ እርስዎ ነው የምትለኝ። ከእሳቸው ሲመጣ ግን ቆረቆረኝ። ምን በደልኋቸው? ውኃ ነው የቀዳሁላቸው!

ንዴቴን የምወጣበት ሰው አልነበረኝምና ውሻው ላይ ወጣሁት። በማግስቱ ድምፄ ከወትሮው ሳይብስ አልቀረም። እሳቸው ዳዊታቸውን ይዘው ወደ ግቢያቸው ወዲያኛው ጥግ ሄዱ፤ ድምፃቸው ሲርቅ ሰማሁ። ይባስ ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ አልሁ በልቤ።

ከዚያ ሽማግሌ ተላከብኝ። አቶ ዋሴ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ አንድ ሌላ ሽማግሌ አስከትለው በሬን አንኳኩ። እኔ ደግሞ ውሻውን ፈርቼ ዱላችሁን ከደጅ አቁሙልኝ አልኋቸው። ሽማግሌ ዱላውን ሲቀማ አይወድም፤ ተኮሳትረው ገቡ። ተቀመጡ ብል እምቢ አሉ። አቶ ዋሴ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ መምሬ ኪዳነ ማርያም ቤቱን ለቀው ሊሄዱ መሆኑን ነገሩኝ። ምክንያቱም እኔ ነኝ።

«የጨዋ ልጅ ነዎት» አሉኝ። «ካህን በጾም፣ ዳዊት በሚደግምበት ሰዓት፣ አንተ ይባላል?»

ማን ነው አንተ ያላቸው ብል እርስዎ አሉ። መቼ ብል በየጠዋቱ አሉ። ከዚያ እንደ ክስ ቆጠሩልኝ። እግራቸውን ሰባራ ብለዋል ተባልሁ። ጌሾ ሲኮተኩቱ መቃብርህን ትቆፍራለህ ብለዋል ተባልሁ። በጾም ሰዓት ና ብላ እያሉ ይፈታተኗቸዋል ተባልሁ። የመጨረሻውን ሲናገሩ አቶ ዋሴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እንኳን ሊሉት ሊሰሙትም የከበዳቸው ይመስላል። «አንተን ብሎ ጿሚ፣ ብለዋል።»

ደሜ መጀመሪያ ወደ ላይ ወጣ፣ ቀጥሎ ወደ ታች ወረደ። ወደ እንጨቱ ክምር ዞሬ «አንተ!» አልሁ። ዝም። «አንተ! ና!»

ውሻው ከክምሩ ሥር ወጣና እያነከሰ መጥቶ እግሬ ሥር ቆመ። አቶ ዋሴ ጆሮውን አዩ፣ እግሩን አዩ፣ አጥሩ ሥር የተቆፈረውን ጉድጓድ አዩ፣ ደጅ የተጣደውን የአጥንት ድስት አዩ። ሁለተኛው ሽማግሌ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አቶ ዋሴ አልሳቁም። ቅድም እምቢ ያሉትን በርጩማ ራሳቸው ስበው ተቀመጡ።

«ይህን አሁን ማን ይነግራቸዋል?» አሉ።

እውነትም ማን ይነግራቸዋል? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ይኸኛው ደግሞ ወጥቶ የማን ደጅ እንደገባ እዩት። ሰድባኛለች ብሎ የተቀየመን ካህን፣ ኧረ መምሬ የተሰደቡት እርስዎ አይደሉም፣ ውሻ ነው፣ ብሎ ማጽናናት ከስድቡ ይከፋል። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ከውሻ ጋር ተቀያይመው ኖሩ ማለት ነው። ሰው ከሰማ ደግሞ ደባርቅ አትለቃቸውም። በመጨረሻ አቶ ዋሴ ብቻቸውን ሄደው ሊነግሯቸው፣ ሁለተኛው ሽማግሌም ለማንም ላይተነፍሱ ተስማማን። እኔም ከዚያ በኋላ ውሻውን በሹክሹክታ መጥራት ሞከርሁ። አልሆነልኝም፤ ታፈንሁ።

አቶ ዋሴ ምን እንዳሏቸው አላውቅም። ከአጥሩ ማዶ ጥቂት ቀን ዳዊት አልተሰማም። አፍረው ቤቱን ሊለቁ ነው ብዬ ተጨነቅሁ። እንግዲህ ውሻው በዱላ ምክንያት ሊሞት፣ ካህኑ በውሻው ምክንያት ሊሰደዱ፤ እኔ ደግሞ በሁለቱ መካከል አፌን ይዤ ቆሜ።

አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት መምሬ ናቸው። በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ። ከዘራው ትዝ ያለኝ ካየሁት በኋላ ነው። ውሻው ከኋላዬ ተወርውሮ መጣ። የጋቢያቸውን ጫፍ ይዞ ቀደደው፤ እኔ አንገቱን አንቄ ወደ ኋላ ስጎትት ሁለታችንም ወደቅን። መምሬ አልጮኹም፣ ከዘራውንም አላነሡም። ጎንበስ ብለው መሬት ላይ አጋደሙትና ባዶ እጃቸውን ቆሙ። ውሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ከእጄ ወጥቶ እንጨቱ ሥር ገባ።

መስቀሉን አሳለሙኝ። ጋቢያቸውን ልስፋ ብል እምቢ አሉ። በርጩማው ላይ ተቀምጠው ውሻው የገባበትን እያዩ፣ በነበሩበት ደብር መጨረሻ ላይ አንድ ስብሰባ እንደነበረ፣ ክርስትና ያነሡት ጎረምሳ ከሕዝብ መካከል ተነሥቶ አንተ ብሎ እንደተናገራቸው ነገሩኝ። ምን እንዳላቸው አልነገሩኝም። አንተ ማለቱን ብቻ ነው የነገሩኝ። በዚያው ሳምንት ዕቃቸውን ሸክፈው ወጡ። ከዚያ ደባርቅ ገብተው ገና ፀሐይ ሳይሞቁ ከአጥር ማዶ ያንኑ ሰሙ።

«ምን ልካስዎት?» አሉኝ፣ ተነሥተው ሊሄዱ ሲሉ። አሁንም እርስዎ ነው የሚሉኝ፤ አሁን ግን የእፍረት ይመስላል።

እኔም መልሱ አፌ ላይ ነበር። ከዘራቸውን ይዘው እየመጡ ደጄ እንዲቀመጡልኝ ለመንኋቸው። ያርጋል እንደሚመጣ፣ ውሻው ዱላ ካልለመደ መርፌ እንደሚጠብቀው ነገርኋቸው። ለቄስ ውሻ ምኑ ነው ብለው የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን፣ ቅዳሴ በሌለበት ቀን እመጣለሁ አሉ።

እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ ከዘራው በሩ አጠገብ መሬት ላይ ይጋደማል፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ራቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ውሻው ከእንጨቱ ሥር ያያል። ድምፃቸውን ከአጥሩ ማዶ ለምዶታል፤ ለካስ ያን ጊዜ አጥር ሥር ይቆፍር የነበረው ወደ ድምፃቸው ሊጠጋ ኖሯል። ከዘራውን ግን አልጠጋ አለ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ታሰበኝ፤ ለመናገር ፈራሁ እንጂ። ከዘራውን ሞራ ብንቀባውስ? የካህን ከዘራ፣ በዐቢይ ጾም፣ ሞራ! ተንተባትቤ ተናገርሁት። መምሬ ከዘራቸውን ተመለከቱና አሰቡበት።

«ጾሙ የእኔ እንጂ የከዘራዬ አይደለም» አሉ።

ቀባነው። ውሻው ቀስ ብሎ መጣ፤ ሆዱን መሬት አስነክቶ እየተሳበ ነው የመጣው። አንዴ ላሰና ሸሸ። በሌላው ቀን ቆሞ ላሰ። ያን ዕለት ሳህኑንም አጋብሶ በላ። ቀጥሎ መምሬ ከዘራውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ያዙት፣ ከጭናቸው ላይ ላሰላቸው። ቀጥሎ አቆሙት። ሲያቆሙት መልሶ ሸሸ፣ ብዙ ወደ ኋላ ሄድን፣ እኔ ተናድጄ በቃ አይሆንም አልሁ። እሳቸው አይናደዱም። ጃናሞራ ቅኔ ሳስተምር ከዚህ የከፋ ተማሪ ነበረኝ፣ አሁን መርጌታ ነው አሉ።

ጉዳቱ የደረሰው በእሳቸው ላይ ነው። ከዘራው በሞራ ጠገበ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የደባርቅ ውሻ ሁሉ በሰልፍ ይከተላቸው ጀመር። ሕዝቡ ይስቃል። እሳቸው ፊት ፊት እያነከሱ፣ ውሾቹ ኋላ ኋላ። ቅጥሩ በር ላይ ከዘራውን ለአንዱ ለማኝ አደራ ሰጥተው ይገባሉ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ለማኙ ከውሾቹ ጋር ይታገላል። አቶ ዋሴ ሌላ ከዘራ ልግዛልዎ ቢሏቸው አሻፈረኝ አሉ፤ ተማሪው በዚህ ነው የጀመረው፣ በዚሁ ይጨርስ አሉ። ሆሣዕና ሲደርስ ውሻው ከዘራው አየር ላይ ሲነሣ እያየ ይቀመጥ ነበር። ጆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይቀመጣል።

ፋሲካ ሆነ። አብረን ፈታን፣ እኔና መምሬ፣ ትሕትናም መጣች። ውሻው የዶሮውን አጥንት እንዳይበላ ትሕትና ከለከለች፣ የበግ አጥንት ተሰጠው። ደስ የሚል ፋሲካ ነበር። ደስ ባለኝ ቁጥር ግን ዳግማይ ትንሣኤ መቅረቡ ትዝ ይለኛል። ለራሴም ሸጊቱ፣ ስም አላወጣሽለትም፣ አልሁት።

ያርጋል በመጣበት ቀን ውሻው ጮኸ። ገና በሩ ሲንኳኳ ከእንጨቱ ሥር ወጥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በወፍራም ድምፅ ጮኸ። እኔ ዘንድ ከመጣ ጀምሮ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። ውሻ በበላበት ይጮኻል። በሚሄድበት ቀን ነው የእኔ ቤት ቤቱ መሆኑን የነገረኝ። ከፋኝ። እጄን በመቀነቴ ጠርጌ በሩን ከፈትሁ።

ያርጋል ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ትከሻው ላይ የወይራ ዱላ አጋድሟል። ትሕትና ከኋላው ገባች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ። ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቅኋትም። መምሬ አጥሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ከዘራቸውን እግራቸው ሥር አጋድመው። ያርጋል ዱላውን ከትከሻው አወረደ። ውሻው መጮኹን ተወና ቀረበ። ዱላውን ከታች እስከ ላይ አሸተተው፤ ሞራ የለውም። ወደ መምሬ ዞሮ አየ። መምሬ በአዎንታ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁለት። ውሻው ዱላው ሥር ተቀመጠ። ትሕትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ስታለቅስ እንዳናያት ነው።

ከዚያ ያርጋል የማይቀረውን ጠየቀ፤ ስሙ ማን ነው አለ። እኔ ስም የለውም አልሁ። ውሻ ያለ ስም እንዴት ይጠራል ብሎ ተገረመ። መምሬ ከተቀመጡበት፣ አንተ ነው የሚባለው አሉት። ያርጋል መሬት መሬት አየ። ቸግሮታል። ከብዙ ማቅማማት በኋላ ተናገረው፤ አማቱ አጥር ለአጥር ጎረቤቱ ናቸው፣ እንኳን አንተ ሊላቸው ፊታቸው ቀና ብሎ አይሄድም፣ ማሳው ላይ ቆሞ አንተ ና፣ አንተ ዝም በል እያለ ሲጣራ ቢሰሙ ምን ይሆናል? ትሕትና ሳቀች። እኔና መምሬ አልሳቅንም፤ ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

«እንግዲያስ አንቱ በለው» አሉት መምሬ። «በዚህ የሚቀየም ሰው የለም።»

ውሻዬ እንዲህ አንቱ ተብሎ ሄደ። ውሻዬ አልሁ እንዴ? ይሁን። በድብ ባሕር አልፎ ወደ ዛሪማ የሚወርድ አይሱዙ ላይ ጫኑት። እኔ እስከ መንገዱ አልሸኘሁም፤ ጓዳ ገብቼ ድስት አንኳኳ ነበር። መኪናው ሲነሣ ጮኸ። አንድ ጊዜ ብጠራው ሁለተኛውን ሳይጠብቅ ዘሎ እንደሚወርድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ድስቱን አንኳኳሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ወሬ የለውም። ሳህኑን አጥቤ ደፋሁት፣ ለሚቀጥለው። የአጥሩን ጉድጓድ ልደፍን አስቤ ተውሁት። ትሕትና ደውላ ማሳውን እየጠበቀ ነው፣ ዝንጀሮ ያባርራል፣ አማትየውም ወደውታል አለችኝ። እሰይ አልሁ። ልቤ ግን ምግብ እምቢ አለ። ለራሴ ብቻ ወጥ መሥራት አስጠላኝ፤ ጠዋት እነሣለሁ፣ ፀሐዩ ላይ እቀመጣለሁ፣ የምጣራው የለኝም፣ ዝም እላለሁ። ግቢዬ እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። መምሬ ከማዶ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ እሰማለሁ፣ ያበቃሉ፣ ይኮተኩታሉ።

አንድ ጠዋት ዳዊቱ መካከል ላይ ተቋረጠ። ሳህን ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ የእሳቸው ድምፅ፣ እንደ እኔ ሊጮኹ ሞክረው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ተሰንጥቆ መጣ።

«አንቺ! ነይ ብዪ! ዛሬም ሳትበዪ ልትውዪ ነው? በበዓለ ኀምሳ የምን ጾም ነው? አንቺን ብሎ ጿሚ!»

ተነሥቼ ቆምሁ። ቆርቆሮውን አየሁት፣ እንባዬ መጣ፣ ተውሁት ይውረድ። በደንብ ሰምቻቸዋለሁ። ጆሮዬን አቁሜ ባለሁበት ቀረሁ፤ ደግመው እንዲጠሩኝ።